ብራውዘር ሲጠለፍ

ጠለፋ የሚለውን ቃል የማያውቅ ገበሬ የለም። ወንዝ ይጠለፋል። ውሃው በለመደው መንገድ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሰዎች ተሰብስበው በድንጋይና በጭቃ ይገድቡትና አቅጣጫውን አስለውጠው ወደ ማሳቸው ያስገቡታል። በስምምነት ሲሆን ይኸ መስኖ ነው፤ ሁሉም በተራው ያጠጣል። ነገር ግን ተራው የእኛ በሆነበት ሌሊት አንድ ሰው ተደብቆ መጥቶ የቦያችንን አፍ በሁለት አካፋ ጭቃ ቢደፍነውና ውሃውን ወደ ራሱ ሽንኩርት ቢመልሰውስ? ወንዙ አልደረቀም። ቦያችንም አልፈረሰም። ጧት ሄደን ስናይ ግን ማሳችንን ደርቆ እናገኘዋለን።

በዚህ ምዕራፍ የምንማረው ጠለፋ ይኸንኑ ይመስላል። የሚጠለፈው ግን ውሃ አይደለም፤ ብራውዘር የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

“እኛ ኮምፒዩተር የለን፤ ምን አገባን?” የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ በብዙዎቻችን ቤት ኮምፒዩተር የለም። ይሁን እንጂ ልጃችን ለትምህርት ከተማ ገብቶ በተከራየው ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሊኖር ይችላል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከለት ይሆናል፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ የገዛው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በኢንተርኔት ይታያል። በባንክ ያስቀመጥነውን ገንዘብም ልጁ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ሊያይልን ይችላል። እንግዲያው እዚያች ክፍል ውስጥ ያለው ቦይ ቢጠለፍ፣ ጉዳቱ እኛ ጎተራ ድረስ ይመጣል ማለት ነው።

ለመሆኑ ብራውዘር ምንድን ነው? ኮምፒዩተር ብዙ ዓይነት ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ለየሥራው የተዘጋጁ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች አሉት። ደብዳቤ የሚጻፍበት አለ። ሒሳብ የሚሠራበት አለ። ብራውዘር የሚባለው ደግሞ በኢንተርኔት ላይ ያሉትን ገጾች አምጥቶ የሚያሳየን ነው። ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ የሚባሉት ሁሉ ብራውዘሮች ናቸው። ከላይ ረጅም ሳጥን አለ። የምንፈልገውን ገጽ አድራሻ እዚያ ላይ እንጽፋለን። አድራሻውን ካላወቅን የምንፈልገውን ነገር በቃላት እንጽፋለን፤ ያን ጊዜ መፈለጊያ የሚባለው፣ ለምሳሌ ጉግል፣ ስለዚያ ነገር የሚናገሩትን ገጾች ደርድሮ ያቀርብልናል። ብራውዘር ቦይ ነው ብንል አልተሳሳትንም። የጠየቅነውን ከምንጩ ተቀብሎ እኛ ዘንድ ያደርሳል።

አሁን አንድ የተጠለፈ ብራውዘር እንመልከት። ልጁ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ዘወትር የሚያየው ነጩ የጉግል ገጽ ቀርቶ፣ በማስታወቂያ የተሞላ ሌላ ገጽ ይመጣበታል። ይዘጋዋል። እንደገና ሲከፍት ያው ነው። “የስንዴ ዋግ መከላከያ” ብሎ ሲፈልግ ስለ እርሻ የሚናገረው ገጽ ቀርቶ ቁማር የሚያጫውት ገጽ ይከፈትበታል። በስተቀኝ በኩል ከታች ትንንሽ ማስታወቂያዎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል። አንድ ቀን ደግሞ ቀይ ገጽ ፊቱ ላይ ድቅን ይልና፣ እየጮኸ፣ “ኮምፒዩተርህ በቫይረስ ተይዟል፤ ቶሎ በዚህ ስልክ ደውል” ይለዋል።

ልጁ ይደነግጣል። ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ዘንድ ተሸክሞ ሊሮጥም ይችላል። አንዳንድ ጠጋኝ ደግሞ ሥራውን ለማሳጠር ሲል ያለውን ሁሉ ይደመስሰዋል፤ የልጁ የጥናት ጽሑፍና የእኅቱ የሠርግ ፎቶግራፍ አብሮ ይጠፋል። ዕቃው ግን አልተበላሸም። አስማትም አይደለም። የቦዩ አፍ ነው የተደፈነው።

ጠላፊው እንዴት ገባ? ብዙውን ጊዜ በር ሰብሮ አይገባም። እኛው ራሳችን ከፍተን እናስገባዋለን። ልጁ ፊልም ለማየት ፈልጎ ነበር እንበል። ገጹም፣ “ፊልሙን ለማየት መጀመሪያ ይኸን ፕሮግራም ጫን” አለው። ወይም በገንዘብ የሚሸጥ ፕሮግራም በነፃ አገኘሁ ብሎ ከማይታወቅ ቦታ አወረደ። ፕሮግራሙ ሲጫን ገጽ በገጽ ይመጣል። በየገጹ ግርጌ “ኔክስት” የሚል ቁልፍ አለ፤ ቀጥል ማለት ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባት ተቀምጣለች። በአጠገቧ በደቃቅ ፊደል፣ “የመጀመሪያ ገጼንና መፈለጊያዬን ለውጡልኝ” የሚል ተጽፏል። ልጁ አላነበበውም። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት አለና ጨረሰ።

ከመካከላችን ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ይኸን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ፊደል ባልቆጠርንበት ጊዜ ወረቀት ይቀርብልን ነበር። “እዚህ ላይ ነው” ሲሉን አውራ ጣታችንን ቀለም አስነክተን እናሳርፍ ነበር። የአንድ ክረምት ብድር ነው የተባለው ወረቀት ዳኛ ፊት ሲነበብ የመሬት መያዣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጣቱ የእኛ ነው፤ አልፈረምኩም ማለት አይቻልም። ኔክስት የሚለው ቁልፍም የአውራ ጣት ፊርማ ነው። ልዩነቱ ልጁ ማንበብ መቻሉ ነው። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም። ያችን ሳጥን በደቃቅ ፊደል ያስቀመጣት ሰው፣ እንድትነበብ ብሎ አይደለም ያስቀመጣት።

ሰውየው ከዚህ ምን ያገኛል? ማስታወቂያ ነው ጥቅሙ። ነጋዴዎች ወደ ገጻቸው ሰው ለሚያመጣላቸው ይከፍላሉ። በአንድ ሰው የሚከፈለው ሳንቲም ነው። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ሰው ሳይወድ ወደዚያ ቢነዳ ሳንቲሙ ብዙ ገንዘብ ይሆናል።

ለዚህም ፍርድ ቤት የደረሰ ምሳሌ አለ። በሰሜን አውሮፓ ኢስቶኒያ የምትባል ትንሽ አገር አለች። በዚያች አገር፣ ታርቱ በምትባል ከተማ፣ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድ ቡድን ዲኤንኤስ ቼንጀር የተባለ ጠላፊ ፕሮግራም ያሰራጭ ነበር። ብዙው ሰው የተያዘው ቪዲዮ ለማየት ያስፈልጋል የተባለውን ፕሮግራም ሲጭን ነው። ከላይ እንደተመለከትነው ልጅ ማለት ነው።

ይኸኛው ጠላፊ ግን የቦዩን ጫፍ አልነካም፤ ወደ ላይ ወጣ። እንዴት? በኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ ገጽ ያለበት ቦታ በቁጥር ይታወቃል። እኛ የምንጽፈው ስም ነው። ኮምፒዩተራችን ስሙን ይዞ፣ “የዚህ ቁጥር ስንት ነው?” ብሎ ስምና ቁጥር የተመዘገበበትን ሌላ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። በማናውቀው ቀበሌ ገብተን፣ “የእገሌ ቤት በየት ነው?” ብለን ሽማግሌ እንደምንጠይቅ ያህል ነው። ጠላፊዎቹ ያደረጉት ሽማግሌውን መለወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው እነርሱን ሆነ። እነርሱም ደስ ወዳላቸው ይልኩታል። ለምሳሌ ያህል፣ የአሜሪካን የግብር መሥሪያ ቤት ገጽ የፈለገ ሰው የግብር ወረቀት በክፍያ ወደሚሞላ ነጋዴ ገጽ ይወሰድ ነበር። በዚህ ላይ ፕሮግራሙ የቫይረስ መከላከያዎች እንዳይታደሱ ያግድ ነበር። ሌባው ውሻውን አስሮ ሰረቀ እንደማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮች ተጠለፉ። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት የናሳ ኮምፒዩተሮች እንኳ ከነዚህ ውስጥ ነበሩበት። ቡድኑ በትንሹ 14 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ በክሱ ላይ ተገልጿል። በ2004 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ስድስት ኢስቶኒያውያን ተያዙ። መሪያቸው ቭላዲሚር ጻስጺን ወደ አሜሪካ ተወስዶ ጥፋቱን ካመነ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ኒው ዮርክ ላይ የሰባት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ተፈረደበት።

ሰዎቹ ሲያዙ አንድ ችግር ተፈጠረ። የእነርሱን ኮምፒዩተሮች ወዲያው መዝጋት አልተቻለም። ቢዘጉ፣ የተጠለፉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጠይቁት ሽማግሌ አጥተው ኢንተርኔት ይቋረጥባቸው ነበር። ስለዚህ በፍርድ ቤት ፈቃድ ንጹሕ ኮምፒዩተሮች በቦታቸው ተተኩ፤ ሰዉም እስከዚያው እንዲያጸዳ ተነገረው። ንጹሖቹ የተዘጉት ሐምሌ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ሙሉ በየጋዜጣው ተለፍፎ፣ ያ ቀን ሲደርስ ገና ያልጸዱ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። ብዙው ሰው መጠለፉን እንኳ አላወቀም ነበር።

አሁን ወደ ጽዳቱ እንግባ። የምንናገረው በብዛት ስላለው ስለ ዊንዶውስና ስለ ክሮም ነው፤ በሌሎቹም መንገዱ ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀዩ ገጽ። በተጻፈው ስልክ አትደውሉ። ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ። የዊንዶውስ ሠሪ የሆነው ማይክሮሶፍት በስሕተት ማስጠንቀቂያው ላይ ስልክ ቁጥር አያወጣም። ስለዚህ ስልክ ቁጥር የያዘ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፣ ውሸት መሆኑ በዚሁ ይታወቃል። ስልኩን የሚያነሳው ሰው አንደበተ ርቱዕ ነው። “ልርዳህ፤ ኮምፒዩተርህን ከዚህ ሆኜ እንድነካው ፍቀድልኝ” ይላል። ቀጥሎ ገንዘብ ይጠይቃል። ገጹ አልዘጋም ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት መጫን ነው። በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይመጣል። ከዝርዝሩ ብራውዘሩን መርጦ “ኤንድ ታስክ” የሚለውን መጫን ነው፤ ይዘጋል። እንደገና ሲከፈት፣ “የነበረውን ልመልስልህ?” ብሎ ከጠየቀ እምቢ ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀዩን ገጽ ይዞት ይመጣል።

ቀጥሎ “ሴቲንግስ” ውስጥ ገብቶ “አፕስ” የሚለውን መክፈት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል፤ በገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ማስደርደርም ይቻላል። እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ጠለፋው የጀመረው መቼ ነበር? ረቡዕ ከሆነ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ምን ገባ? እኛ ያልጠራነው ከተገኘ “አንኢንስቶል” የሚለውን ተጭኖ ማስወጣት ነው። ስሙን ስላላወቅነው ብቻ ግን አንንቀል። ኮምፒዩተሩ ለራሱ የሚፈልጋቸው ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። አረም እናርማለን ብለን ቡቃያውን እንዳንነቅል ቀኑንና ስሙን አስተያይተን፣ ካልገባን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።

ከዚያ ወደ ብራውዘሩ። በክሮም ከላይ በስተቀኝ ጫፍ ሦስት ነጠብጣቦች አሉ። እነርሱን ስንጫን ዝርዝር ይመጣል። ከዚያ ውስጥ “ኤክስቴንሽንስ” የሚለውን እንፈልጋለን። ኤክስቴንሽን ማለት በብራውዘሩ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ጠቃሚዎች አሉ። ነገር ግን ጠላፊው ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እዚሁ ነው፤ “ዋጋ አወዳዳሪ”፣ “ፊልም አውራጅ” የሚል መልካም ስም ይዞ ይቀመጣል። ያልጠራነውን ሁሉ “ሪሙቭ” ብለን እናስወግዳለን። ከዚህ ላይ ቢሳሳቱም ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ተመልሶ ይጫናል።

በዚያው በሦስቱ ነጠብጣቦች በኩል “ሴቲንግስ” ይገኛል። መፈለጊያው የቱ እንደሆነ፣ ብራውዘሩ ሲከፈትም የትኛው ገጽ እንደሚመጣ እዚያ ተጽፏል። የተለወጠውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። በስተቀኝ ብቅ የሚሉት ማስታወቂያዎች ደግሞ “ኖቲፊኬሽንስ” በሚለው ሥር ይገኛሉ። አንድ ቀን አንድ ገጽ “ላሳውቅህ?” ብሎ ጠይቆ፣ ልጁም “አላው” ብሎ ፈቅዶለት ነበር። ፈቃዱን መንሳት ነው። ይኸ በስማርት ስልክም ላይ ያጋጥማል፤ መድኃኒቱም ያው ነው።

ይኸ ሁሉ አድካሚ ከሆነ፣ ወይም ጠላፊው የት እንደተደበቀ ካልታወቀ፣ በ“ሴቲንግስ” መጨረሻ አካባቢ “ሪሴት ሴቲንግስ” የሚል አለ። ብራውዘሩን መጀመሪያ እንደተሠራበት ያደርገዋል። ያስቀመጥናቸው አድራሻዎችና የይለፍ ቃሎች አይጠፉም፤ ኤክስቴንሽኖቹ ግን ሥራ ያቆማሉ። እኛ ብንጠየቅ፣ ለጀማሪ የሚቀለው ይኸ ነው እንላለን።

ከዚያ በኋላ መፈተሽ ነው። ዊንዶውስ “ዊንዶውስ ሴኩሪቲ” የሚባል የራሱ ዘበኛ አለው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። “ፉል ስካን” ብለን ብናዘው ኮምፒዩተሩን በሙሉ ያስሳል። ሰዓት ይፈጃል፤ እህል እየሸከሸኩ መጠበቅ ነው። “ኦፍላይን ስካን” የሚባል ደግሞ አለ። ይኸኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሳና፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሳይነቁ፣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። ሌላ አጽጂ እንጨምር ካልን አድዊክሊነር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሠሪው ማልዌርባይትስ ነው። የሚወርደው ከሠሪው ከራሱ ገጽ ብቻ መሆን አለበት። “አጽጂ ነኝ” እያለ የሚገባ ጠላፊ ብዙ ነውና።

ተጸድቶ በሳምንቱ የሚመለስ ጠላፊ አለ። ይኸ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ምክንያቱን ካወቅን ግን አያስቸግርም። አንደኛው፣ ልጁ በብራውዘሩ ውስጥ በጉግል መለያው ገብቶ ከሆነ፣ ኤክስቴንሽኖቹ ከኮምፒዩተሩ ውጭም ተመዝግበው ይቀመጣሉ። ከዚህ ብንነቅለው ከዚያ ይመለሳል። “ሲንክ” የሚባለውን አጥፍቶ፣ አጽድቶ፣ ከዚያ እንደገና መክፈት ነው። ሁለተኛው፣ በስክሪኑ ላይ ያለችው የብራውዘሩ ምልክት ራሷ ተነክታ ይሆናል፤ ስትጫኗት የጠላፊውን ገጽ ይዛ እንድትከፍት አድርገዋት። ያችን ምልክት ጥሎ አዲስ ማውጣት ነው። ሦስተኛው፣ በቤት ኮምፒዩተር ላይ “ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን” የሚል ጽሑፍ ይታይ ይሆናል፤ በመሥሪያ ቤትህ የሚተዳደር ነው ማለት ነው። የግል ኮምፒዩተር ምን መሥሪያ ቤት አለው? አንዳንድ የቫይረስ መከላከያ ይኸንኑ ሊያመጣ ይችላል። እርሱ ከሌለ ግን ጠላፊው ራሱን አለቃ አድርጎ ሾሟል ማለት ነው፤ ይኸን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

በቤቱ ያሉት ስልኮች ሁሉ እንደ ኮምፒዩተሩ የሚስቱ ከሆነ ደግሞ፣ የተጠለፈው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ራውተሩ፣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማሳው ላይ መቆፈር ዋጋ የለውም፤ ወደ ቦዩ ራስ መውጣት ያስፈልጋል። ራውተሩን እንደ አዲስ አስጀምሮ የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነው።

አሁን የገንዘቡ ነገር ቀረ። ብራውዘሩ በተጠለፈበት ሰሞን ልጁ የባንክ ገጽ ከፍቶ ነበር? የይለፍ ቃል ጽፎ ነበር? ጠላፊው የባንኩን የሚመስል ገጽ አቅርቦለት ከሆነ፣ ቃሉ አሁን በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የባንኩንም፣ የኢሜይሉንም የይለፍ ቃል መለወጥ ያስፈልጋል፤ የሚለወጠውም ገና ባልተረጋገጠው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን ጤነኛ በሆነ ስልክ ነው። ወደ ባንኩም ሄዶ ሒሳቡን ማሳየት ነው። አባት ወይም እናት አብረው ቢሄዱ ይመረጣል፤ ልጁ “አባቴ ይቆጣኛል” ብሎ ነገሩን ደብቆ የሰነበተ እንደሆነ፣ ያ መሰንበት ነው ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው።

ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አስነሡት። ብራውዘሩን ክፈቱ። የለመዳችሁት ገጽ መጣ? “የስንዴ ዋግ መከላከያ” ብላችሁ ጻፉ፤ ከሚመጡት አንዱን ተጫኑና ከላይ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቡት። የተጫናችሁት እርሱን ነው? በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ አድርጋችሁ እዩት።